ከጅማ ጎሬ ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ታላቅ እህቴ ጎሬ ላይ ወንድ ልጅ መገላገሏን የሚያበስረው ቴሌግራም መካኒሳ የደረሰው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤቱም ተቀብሎ እልል አለ። አጎቴ እልልታው እስኪያባራ በትዕግሥት ጠበቀና ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። አነበበው፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና፣

«ከጅማ ጎሬ በአየር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው» አለ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎችንና አንድ ትልቅ የአገር ካርታ ያስተዳድር ነበር። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ካርታ ሲያስመጣ አሮጌውን ለምኖ ወሰደና ሳሎኑ ውስጥ፣ ዝናብ ያረጠበውን ግድግዳ ሸፍኖ ሰቀለው። ካርታው ኦጋዴን ላይ ተቀዷል፣ ወለጋም ላይ የሻይ ጠብታ አለበት፤ ቢሆንም ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚወደው እሱን ነበር። አንድ ጊዜ በበጋ፣ ለሥራ ጉዳይ በአውሮፕላን ጅማ ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ በእግር የሚኬድ መንገድ የሚባል ነገር ከዓለም ላይ ጠፋበት። እንግዳ ሲመጣ ማስመሪያውን ካርታው ላይ ያሳርፍና ከየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ የትኛው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃም እንደሚፈጅ ያስረዳል። እንግዳው ውሃ ጠምቶት ቢመጣ እንኳ ሐረር እስኪደረስ መጠበቅ ነበረበት።

ሰፈራችን ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት የተመቸ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ከመካኒሳ ላፍቶ የሚሄድ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ እየደገመ ነው። እንዲህ ሆኖ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ ለመጣ ጎረቤት አጎቴ «ላፍቶ እኮ በአየር ሁለት ደቂቃ አይሞላም» ይለዋል። አንድ ጊዜ ጀሞ ለቀብር ተጠርቶ ርቀቱን ናቀና አርፍዶ ተነሣ፤ ሲደርስ ሰዉ አፈር አልብሶ እየተመለሰ ነው። ሐዘንተኞቹን «በቀጥታ መስመር ቢሆን ኖሮ ደርሼ ነበር» ብሎ አጽናናቸው።

ጎሬ ላይ አስተማሪ የሆነው የእህቴ ባል አጎቴን አክብሮ፣ ለልጁ የክርስትና አባት እንዲሆንለት በዚያው ቴሌግራም ለምኗል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ሐምሌ መገባደጃ ላይ ይውላል። ጎሬን የሚያውቅ ሰው ሐምሌ ሲባል ገና ጋቢውን ይሰበስባል። እናቴ አታውቀውም፤ ግን ጠይቃ ተረድታለች። ስለዚህ ቀደም ብላ በጭነት መኪና ለመሄድ ቆረጠች። የጅማ መንገድ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ መኪናው ከደጃችን ብዙም ሳይርቅ ሊጭናት ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ተቆጣ።

«አንቺ ጭቃ ስታቦኪ ልትከርሚ ነው? እኔ ቁርሴን መካኒሳ፣ ምሳዬን ጎሬ ነው የምበላው።»

«ወንድምጋሼ፣ ሰማዩ ቢዘጋስ?» አለች እናቴ።

«ሰማይ በር አለው እንዴ የሚዘጋው?»

እናቴ ለአራሷ የሚሆኑ ዶሮዎች እግር ማሰሯን ቀጠለች። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ልብስ ስፌት ተምሬ ጨርሼ ባልም ሥራም እጠብቃለሁ። እህቴን ላርስ መሄዴ አይቀርም ነበርና ከእናቴ ጋር ለመሄድ ጓዜን ሸከፍኩ። አጎቴ ግን «ከዚህ ቤት አንዷ እንኳ በሥልጣኔ ትሂድ» ብሎ ከሷ ነጥሎ ለራሱ መንገድ አስቀረኝ።

እናቴ የሄደችበት መኪና ከጣሊያን የቀረ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ነበር። ሾፌሩ የወልቂጤ ሰው ነው፤ አንድ የወርቅ ጥርስ አለው፣ እሱን ለማሳየት የማያስቀውም ያስቀዋል። እናቴን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውንና ዶሮዎቹን ጋቢና ውስጥ እያስገባ ሳለ አጎቴ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሊሸኝ መጣ።

«ለመሆኑ ከጅማ ጎሬ ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?» ሲል ጠየቀው።

«እንደ ጭቃው ነው ጌታዬ።»

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው።»

ሾፌሩ አጎቴን አየው፤ ጎማዎቹን አየ፤ እንደገና አጎቴን አየው። «በማን መኪና?» አለ።

መኪናው እያጓራ ከሄደ በኋላ አጎቴ ተረጋጋ። የክርስትናው ቀን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጎረቤቱን ጠርቶ የመሸኛ ግብዣ አደረገ። ጠላ ቀረበ፤ ማስመሪያውም ቀረበ። ከአዲስ አበባ ጅማ አንድ ሰዓት፣ ከጅማ ጎሬ በአየር መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም፣ እሱም ያው ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ከመጠጡ ሞቅ ያላቸው አንድ የላፍቶ ገበሬ አዝነው «ምን ዋጋ አለው፣ ሳይጠግቡት ሊያልቅ ነው» አሉት። አጎቴ በዚህ በጣም ተደሰተ።

የሄድን ዕለት ከመካኒሳ ልደታ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ዝናቡ ሌሊቱን አላቋረጠም። የተከራየነው ጋሪ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ፈረሱ ውሃውን አይቶ ቆመ። ባለጋሪው ለመነው፤ አጎቴ ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊዎቹን በሚያዝበት ድምፅ አዘዘው። ፈረሱ ሁለቱንም አልሰማም። ውሃው እስኪጎድል ቆየንና በመጨረሻ አጎቴ በአንድ ጠንካራ ሰው ጀርባ ታዝሎ ተሻገረ። ከሰውየው ጫንቃ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን ይዞ «ከዚህ በኋላ ቀላል ነው» ይለኝ ነበር።

ማረፊያው ስንደርስ ከነጓዛችን ልንመዘን ሆነ። አውሮፕላኑ ትንሽ ስለሆነ የተጫነበት ሁሉ በኪሎ መታወቅ አለበት። አጎቴ ይህን ከፊተኛው ጉዞው ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለእኛ ግን አልነገረንም ነበር። ከፊታችን የተቆለሉ የጥሬ ዕቃ ጆንያዎች ተመዘኑ፤ ቀጥሎ አጎቴ ወጣ። መዛኙ ክብደቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረና «ቀጥል!» አለ። አጎቴ ከሚዛኑ ሲወርድ ጆንያዎቹን በክፉ ዓይን ተመለከታቸው።

ውስጡ እንደ ጭነት መኪና ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ መቀመጫ አለ፤ መሐሉን ጭነት ይዞታል። ከፊት ለፊቴ በመረብ የታሰረ የብረት አልጋ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ አጎቴ ጆሮዬ ላይ ጮኾ «ጊቤን ስንሻገር አሳይሻለሁ!» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ከልደታ እስከ ጅማ አንድም ጊዜ አልገለጠውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በስተቀኝ ያለው ተሳፋሪ ውዳሴ ማርያም መሆኑን ሰምቶ አብሮት ማለት ጀመረ። ጊቤን ብቻዬን አየሁት።

ጅማ ወረድን። በእውነቱ አንድ ሰዓት ነው የፈጀው። አጎቴ ቀለሙ ሲመለስለት ትከሻውን ነፋ፤ ሬዲዮ ወደሚያነጋግረው የማረፊያው ሠራተኛ ሄደና ወደ ጎሬ መቼ እንደምንነሣ ጠየቀ።

«ጎሬ ተዘግቷል ጌታዬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ደመና ነው። ሜዳው አይታይም።»

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ እኮ ነው!»

«አዎ ጌታዬ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው» አለ ሠራተኛው በአክብሮት።

ያን ቀን ጅማ አደርን። በማግሥቱም እንዲሁ ሄድን፤ እንዲሁ ጠየቀ፤ እንዲሁ ተመለሰለት። ሆቴል ቤቱ ውስጥ ያሉት የቡና ነጋዴዎች ወሬያችንን ሰምተው ነበርና አጎቴ ከደጅ ሲገባ «እህሳ፣ ጎሬ እንዴት ናት?» ይሉታል። እሱ በቁም ነገር ተቀምጦ የቀጥታ መስመርንና የመኪና መንገድን ልዩነት ያብራራላቸዋል። አንደኛው ነጋዴ እየሳቀ «እዚህ ከደረሱ ወዲህ እኮ መኪና በደሌን ያልፍ ነበር» አለው። አጎቴ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ያን ማታ አሳዘነኝ። ለልጁ ያሰራውን የብር መስቀልና ማተብ ከኪሱ አውጥቶ በመሐረብ ሲወለውል አየሁት።

የክርስትናው ቀን ጠዋት ጅማ ላይ ፀሐይ ወጣች። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ጾም ነው፣ ቅዳሴው አርፍዶ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ አሁን ብንነሣ እንደርሳለን። ሠራተኛው ሬዲዮውን አነጋግሮ «ጎሬ ገለጥ ብሏል፣ ውጡ!» አለን። ሮጥን። አጎቴ እንደለመደው ተቀመጠ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ከታች ጫካው አያልቅም። ከዚያ ደመና ሆነ፤ ነጭ ብቻ። አውሮፕላኑ ዘንበል ብሎ መዞር ሲጀምር ጎሬ ደርሰናል ማለት ነው ብዬ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። አንድ ጊዜ ደመናው ተቀደደና የቆርቆሮ ጣሪያዎች አየሁ፤ ቤተ ክርስቲያን አየሁ፤ ግቢው ውስጥ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ቆመው ወደ እኛ አንጋጠዋል። «ጋሼ፣ ይዩ! እነሱ ናቸው!» አልኩ። ጋሼ ጸሎት ላይ ነው። ደመናው ተዘጋ። እንደገና ዞርን፤ ሦስተኛም ዞርን። ከዚያ አውሮፕላኑ ቀና ብሎ በመጣበት ተመለሰ። ለአጎቴ ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን የሞተሩ ጩኸት አያስወራም፣ ፊቱ ላይ ያለው ሰላምም አሳሳኝ።

መሬት ስንነካ ዓይኑን ገለጠ። ክራቫቱን አስተካከለ፤ ነጠላውን አጣፋ፤ መስቀሉ ኪሱ ውስጥ መኖሩን ዳሰሰ። ከሁሉም ቀድሞ ወረደና ጓዝ ሊያወርድ የመጣውን ተሸካሚ በሁለት እጁ ጨብጦ፣

«እንኳን ደስ አላችሁ! ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?» አለው።

ተሸካሚው ግራ ገባው። ከኋላው ያ የሬዲዮ ሠራተኛ መጣና እጅ ነሣ። «እንኳን ደህና ተመለሱ ጌታዬ።»

አጎቴ ሰውየውን ብዙ አየው። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለ በመጨረሻ።

ነጋዴዎቹ ዘንድ ላለመመለስ ሲል ያን ቀን ማረፊያው ላይ ዋለ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውንም አውሮፕላን እዚያው ጠበቀ። እኔን ሊወስደኝ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ በመኪና ወደ እህቴ እሄዳለሁ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። መስቀሉንና ማተቡን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። «እንደው ለልጁ... ደርሼ ነበር በይው» አለኝ። ያ ሰው ያለ ማስመሪያ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጨው የጫነ መኪና አገኘሁ። ስለ ጉዞው ብዙ የሚነገር የለም፤ መኪናው ይቆማል፣ እንወርዳለን፣ ሰንሰለት ይታሰራል፣ እንገፋለን፣ እንሳፈራለን። ጎሬ ስገባ የስፌት ትምህርት ቤት የተመረቅሁበት ቀሚስ ቀለሙ ምን እንደነበር መለየት አይቻልም ነበር። እናቴ በሩ ላይ አየችኝና መጀመሪያ ያለችው «ወንድምጋሼስ? ወድቆ ነው?» ነው።

አለመውደቁን ካረጋገጠች በኋላ የሆነውን ነገረችኝ። እሷ የደረሰችው በዋዜማው ነው። «ከበደሌ ወዲህ መኪናው እኛን ያመጣን ለስሙ ነው፤ እኛ ነን መኪናውን ያመጣነው» አለችኝ። በበነጋው ልጁን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለአጎቴ የሚሆን በቅሎ ተጭኖ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ተላከ። ካህኑ ጠበቁ። ልጁ እያለቀሰ፣ ሰዉ እየበረደው ሳለ ከሰማይ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ደግሞ አላርፍም፣ ‹መጣ! የክርስትና አባቱ መጣ!› ብዬ እልል አልኩ። ካህኑም ቀና አሉ፣ ሰዉም ቀና አለ። አንዴ ዞረ። ሁለቴ ዞረ። እልልታውን ሳላቋርጥ ሦስቴ ዞረ። ከዚያ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ... አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።»

«ካህኑስ ምን አሉ?»

«‹የሚወርድ ሰው ካለ ይውረድ፤ ቅዳሴው ሊገባ ነው› አሉ።»

የእህቴ ባል በአጎቴ ምትክ የሚቆም ሰው ፍለጋ ዓይኑን ሲያማትር ያ የወርቅ ጥርስ ያለው ሾፌር ከቅጥሩ ውጪ መኪናው ሥር ተጋድሞ ተኝቷል። ቀሰቀሱት። «ጌታ መኪናዬን ያስቆመው ለዚህ ኖሯል!» አለ፤ መኪናውን ያስቆመው የዘይት ቧንቧው መሆኑን ረዳቱ ያውቃል። ፊቱን በዝናብ ውሃ ታጠበ፤ ነጠላ ተዋሰ፤ ልጁን ታቅፎ ቆመ። ማተብ የያዘ ስላልነበረ ከራሱ አንገት ፈትቶ አሰረለት። ስለዚህ አጎቴ የላከውን ባሰርኩለት ጊዜ ልጁ ሁለት ማተብ ያለው ሆነ። እህቴ ሁለቱንም አልፈታችም።

እናቴና እኔ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ መስቀል አልፎ በዚያው ሾፌር መኪና ተመለስን። መካኒሳ ስንደርስ ለካ ወሬው ቀድሞናል። አጎቴ «ጎሬ ደርሼ ተመለስኩ፤ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ሆኖ በእልልታ ተቀበለኝ» ብሎ ለሰፈሩ ነግሯል። ግቢው ውስጥ ስለቆሙት ሰዎች ጅማ ላይ እኔው ነግሬዋለሁ፤ እልልታውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ግን አንዷም ቃል ውሸት አልነበረችም።

ሾፌሩ ቤታችን ምሳ ሲበላ አጎቴ ገባ። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ያን ዕለት ከላይ የሰማነው እርስዎ ነዎት ጌታዬ?»

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ።

«ምነው ታዲያ፣ ትንሽ ዝቅ ብለው ቢሆን ልጁን ባቀበልንዎት!»

እናቴ ጓዳ ገባች፤ ልትስቅ ነው። አጎቴ ይነሣል፣ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ጃንጥላውን አስቀምጦ ተቀመጠ። «ለመሆኑ በደሌ ላይ ስንት ቀን ቆማችሁ?» አለ። ሾፌሩም የወርቅ ጥርሱን አውጥቶ ጀመረ። መኪናውን በጥርሱ ጎትቶ ከወንዝ እንዳወጣው ነገረን፤ አጎቴ በበኩሉ ደመናውን እንዴት ሰንጥቆ እንዳለፈ ነገረን። ዓይኑን ጨፍኖ ያየው ደመና እኔ ዓይኔን ገልጬ ካየሁት ይልቅ ያምር ነበር። ጠላው አልቆ ሌላ ተቀዳ። ማታ ሲለያዩ አበልጅ፣ አበልጅ ይባባሉ ነበር።

እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ ባረገዘች ጊዜ ከሁለቱ አንዳቸው እንዳይቀየሙ ብላ፣ አሁን የሚወለደው የአጎቴ የክርስትና ልጅ እንደሚሆን ቃል ገባች። አጎቴ የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ፤ በሾፌሩ መኪና ጋቢና ተቀምጦ በጥር ፀሐይ ጎሬ ገባ። ልጅቷ ግን ገና አልተወለደችም። ተቀምጦ ጠበቃት። ተወለደች፤ ሴት ስለሆነች ደግሞ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው። አጎቴ ሰማንያውንም ቀን ተቀመጠ። መሥሪያ ቤቱ በቴሌግራም ጠራው፤ «በጉዞ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። የእህቴ ባል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓሮውን ዞሮ በመስኮት እያየ፣ አጎቴ መተኛቱን ሳያረጋግጥ ቤቱ አይገባም ነበር፤ አጎቴ አሁን ስለ ጭቃ፣ ስለ ሰንሰለትና ስለ ማርሽ የማያውቀው ነገር የለም፣ የሚሰማለት ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም።

ክርስትናዋ ተነሣች። አጎቴ ታቀፋት። ካህኑ ልጅቷን ሲያጠምቁ እሱ ከእሷ የበለጠ አለቀሰ። ኋላ እነ እህቴ አዲስ አበባ ተዛውረው እዚሁ መካኒሳ ሲገቡ ልጅቷ ከእናቷ ቤት ይልቅ የአጎቴን ቤት መረጠች። እዚያ አደገች፤ ትምህርቷንም ከዚያው እየተመላለሰች ተማረች። አጎቴ ጡረታ ወጥቶ እግሩ ሲከዳው በክንዷ ደግፋ አቦ ቤተ ክርስቲያን ትወስደው ነበር። በየደረጃው ቆሞ ስለ አንድ ነገር ሲያስረዳት ትሰማዋለች፤ እውነት ትሰማዋለች እንጂ ለይሉኝታ አይደለም። ያስታመመችውም፣ ዓይኑን የከደነችለትም እሷው ናት።